የውኃ ዳር መጠጥ ቤቶችና የጓደኛዬ «ደስ ይላል»

ድንቼ ላይ አመድ ነስንሰው ያቀረቡልኝ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ቀልድ አይደለም። አንድ ሰፊ ጥቁር ሳህን፣ መሐሉ ላይ የርግብ እንቁላል የማያካክሉ ሦስት ድንቾች፣ ከላያቸው ግራጫ ዱቄት። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጁ ፊቱ በኩራት በራና «የተቃጠለ ሽንኩርት አመድ ነው» አለኝ። እኔ ባደግኩበት ቤት ድንች ከፍም ሲወጣ አመዱ እፍ እፍ ተብሎ፣ በጨርቅ ተጠርጎ ነው የሚበላው። እነዚህ ደግሞ ንጹሑን ድንች ቀቅለው አመዱን ከሌላ ቦታ አመጡለት። ቀና ብዬ ጓደኛዬን አየሁት። እሱ ግን ዙሪያውን ቃኘና እንደ ልማዱ «ደስ ይላል እዚህ» አለ።

ይህቺን «ደስ ይላል» አሥራ ሁለት ዓመት ሰምቻታለሁ። ዛሬ ጓደኛዬ ኦስሎ የለም፤ ልጁ ወዳለችበት ወደ ሰሜን፣ ትሮምሶ ሄዷል። እሱን ማስቀረት የምችልበት አንድ ቃል ነበረኝ። ያንን ቃል በጊዜው ያልተናገርኩበትን ምክንያት ለማስረዳት ግን ከመጠጥ ቤቶቹ መጀመር አለብኝ።

ጓደኛዬና እኔ ኦስሎ የገባነው በአንድ ዓመት ነው፤ ያኔ ሁለታችንም ጸጉር ነበረን። እሱ ትቬይታ ሠፈር ተከራየ፣ ቆይቶም እዚያው ቤት ገዛ፤ እኔ ሮመን ነኝ። እሱ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ ወጣ፣ እኔ እስከ ዛሬ ጋምለ ኦስሎ ሠፈር ቢሮዎች አጸዳለሁ። እሱ ጴንጤ ነው፣ ዘማሪም ነው፤ እኔ ኦርቶዶክስ። በዚህ ነገር በጉብዝናችን ወራት ብዙ ተጨቃጭቀናል። እሱ እኔን ማዳን፣ እኔም እሱን መመለስ ሲያቅተን ነገሩን ተውነውና ጀልባ ገዛን።

ጀልባዋን ያገኘኋት እኔ ነኝ። የማጸዳውን ሕንፃ የሚጠግነው ሽማግሌ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ሊሸጣት ነበር። «ውሰዳት፤ ካልወሰድካት ለጁኑ ቅዱስ ዮሐንስ እሳት አደርጋታለሁ» አለኝ። በዚያ በዓል እነሱም ውኃ ዳር ደመራ ያነድዳሉ፤ አሮጌ ጀልባ ደግሞ ጥሩ ማገዶ ነው። አሳዘነችኝ። የእንጨት ናት፣ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ይተኛባታል፣ ሞተሯ ተክ ተክ ተክ እያለ የሚሄደው በሰው ሩጫ ልክ ነው። ሁለታችንም ዋና አንችልም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የሕይወት ጃኬት ገዛን፤ ጓደኛዬ የራሱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሲተኛም አላወለቀውም።

በየዓመቱ ሦስት ቀን በፊዮርዱ፣ ባሕሩ ወደ ከተማው በገባበት ጠባብ ውኃ፣ ወደ ደቡብ እንወርድና እንመለሳለን። መቼ ቢባል በኦገስት። የጁላይን ዕረፍት ኖርዌጂያኖቹና ልጅ ያላቸው ይወስዱታል፤ ለእኛ የሚተርፈን ኦገስት ነበር። ኦገስት ማለት ደግሞ ፍልሰታ ነው። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የለም። ጓደኛዬ በበኩሉ አልኮል በአፉ አይዞርም። እንግዲህ አስቡት፤ አንዱ የማይበላ፣ ሌላው የማይጠጣ ሁለት ደንበኞች በየመጠጥ ቤቱ ሲዞሩ። ከእኛ የሚያተርፍ ባለቤት ካለ እሱ ጎበዝ ነጋዴ ነው።

መጠጥ ቤት መግባት እንዴት ጀመርን? ነገሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ በመጀመሪያው ቀን ሽንቴ ወጠረኝ። ጀልባዋ መጸዳጃ የላትም። ባልዲ አለ፤ ግን ዘማሪ በሆነ ሰው ፊት ባልዲ ላይ መቆም ከበደኝ። ከፊት ለፊት ውኃው ጫፍ ላይ አንድ ቀይ የእንጨት ቤት፣ ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር አየሁ። «እንግባ?» አልኩት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ገመዱን አስሮ እስኪጨርስ አልጠበቅኩትም። ስወጣ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ግድግዳውን፣ ሰዉን፣ መስኮቱን ቃኘና «ደስ ይላል እዚህ» አለኝ። ሰው ቤት ገብቶ መጸዳጃ ተጠቅሞ ዝም ብሎ መውጣት ደግሞ ነውር ነው፤ እኔ አንድ ቢራ፣ እሱ የዓሣ ሾርባ አዘዝን። ጓደኛዬ ባለቤቱ ካረፈች ብዙም አልቆየም ነበር። ሰው መሐል መቀመጥ ወዷል፣ ይቀመጥ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወዲያ ያየነውን መጠጥ ቤት አልፈን አናውቅም።

የቀዩ ቤት ባለቤት ፎጣ ከትከሻዋ የማይወርድ፣ ድምፅዋ ወፍራም ሴትዮ ነበረች። በመጀመሪያው ዓመት በዚያ በተሰባበረ ኖርስኬ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ የማልበላውን ስዘረዝርላት በሐዘን ሰማችኝና ወደ ጓደኛዬ ጠጋ ብላ «ሆዱን ታሟል እንዴ?» አለችው። በሁለተኛው ዓመት ራሷ «ያለ ቅቤ» አለች። ከሦስተኛው ጀምሮ የጀልባችንን ተክ ተክ ከሩቅ ስትሰማ ድንቹን ትጥደው ነበር። እንስላል ጣል ያለበት፣ ዘይትና ጨው ያለው ትልቅ ሳህን ድንች። የእግዜር ድንች! ሰዓቷን አይታ ዘጠኝ ካልሞላ ሳህኑን ከፊቴ ታነሣዋለች፤ ከንስሐ አባቴ በላይ ትቆጣጠረኝ ነበር።

በስድስተኛው ዓመት ብንደርስ ቤቱ ጥቁር ተቀብቷል። ሴትዮዋ ሸጣ ሄዳለች። ሁለት ጺማም ወጣቶች በረዥም የቆዳ ሽርጥ ቆመዋል፤ ብረት ቀጥቃጮች እንጂ አብሳዮች አይመስሉም። አግዳሚው ተነሥቶ በምትኩ ሰው ተቀምጦ የማይደላው የሽቦ ወንበር መጥቷል። የምግቡ ዝርዝር አራት መስመር ነው፤ ከአራቱ ሦስቱን ጓደኛዬ ሠላሳ ዓመት እዚህ አገር ኖሮ ሊያነበው አልቻለም። አመዱን ያቀረቡልኝ እዚህ ነው።

ሌሎቹስ ቢሆኑ? ከዚያ ወረድ ብሎ አንድ ደብዘዝ ያለ ፐብ ነበረ። ገበታው የሚያጣብቅ፣ ጥግ ላይ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ያለው፤ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆች ጋዜጣ ይዘው እንቅልፋቸውን የሚጨርሱበት። አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ?» ብሎም አያውቅ፤ ቅንድቡን ብቻ ነው የሚያነሣው። አንድ ዓመት ስንሄድ ቅንድቡም ባለቅንድቡም የሉም። ጠረጴዛው ላይ ያች ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ካሬ ተለጥፋለች፤ በስልክ ፎቶ አንስተሃት በስልክ ታዝዛለህ። የእኔ ስልክ ባትሪው ሞቷል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ እጇን አጣምራ የቆመችውን ልጅ «አንድ ቢራ፣ አንድ ሾርባ» አልኳት። ፈገግ ብላ ካሬዋን አሳየችኝ። «እኔ እዚህ፣ አንቺ እዚያ፣ ቢራው ከኋላሽ» ብላትም ፈገግታዋን አላቆመችም። የፈገግታው ነገር ከሁሉ ይብሳል። ባለቅንድቡ ቢያንስ ሲሰለቸው ያስታውቅበት ነበር።

ሦስተኛው ተንሳፋፊ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ሆነ። ድሮ የአሳማ ጥብስና አኮርዲዮን ያለበት ቦታ ነበር፤ አኮርዲዮኑን ወድጄው አላውቅም፣ ሲጠፋ ግን ናፈቀኝ። አሁን ሰዎች በመዋኛ ቁምጣ ቢራ ይዘው ወዲያና ወዲህ ይላሉ፣ በየመሐሉ ይጮኹና ውኃ ውስጥ ይዘላሉ። ጓደኛዬ ራቁት ትከሻ ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሾርባውን ጠጣ። ግድግዳውን እያየ «ደስ ይላል» አለ። ያን ቀን ልመታው ምንም አልቀረኝ።

አራተኛው ላይ እግዚአብሔር የሰማኝ መሰለኝ። ድንገት ሁሉ ነገር ቪጋን፣ የእንስሳ ነገር የሌለበት፣ ሆነ። ስንት ዓመት ሳስረዳ የኖርኩት ጾም በደማቅ አረንጓዴ ቀለም ሰሌዳ ላይ ተጽፏል! አዘዝኩ። የመጣልኝ በርገር ሲቆረጥ እንደ ጥሬ ሥጋ ይቀላል፣ ጭማቂው በጣቴ መሐል ይወርዳል፣ ሽታው የሥጋ ሽታ ነው፣ ጣዕሙም የሥጋ ጣዕም ነው። ሁለት ጊዜ ጎርሼ አቆምኩ። አስተናጋጇን ጠርቼ «ይህ ሥጋ አይደለም?» አልኳት። «አይደለም» አለች። «እርግጠኛ ነሽ?» «እርግጠኛ ነኝ። ድንቅ አይደለም?» ድንቅ ነው! እኔ የምጾመው ሥጋ እንዳያምረኝ ነው፣ እነሱ ደግሞ ሥጋ ያልሆነውን ሥጋ አድርገው አፌ ውስጥ ከተቱልኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ለአባ ልንገራቸው አልንገራቸው እያልኩ አንድ ሳምንት ተሰቃየሁ። ነግሬያቸው ሳቁብኝ።

በየዓመቱ እንዲህ እየተናደድኩ፣ በየዓመቱም እየገባሁ ኖርኩ። ጓደኛዬ ይወዳል ብዬ።

ባለፈው ዓመት በረዶው ሲቀልጥ ትቬይታ ሴንተር ቀጠረኝ። ገበያ አዳራሹ መሐል ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝና ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁ ሁለተኛ ወልዳለች፤ «ፓፓ፣ ለምን እኛ ጋ አትመጣም?» ብላዋለች። «በመስከረም ልሄድ አስቤያለሁ» አለና ፊቴን ያየኝ ጀመር። አትሂድ ልለው አፌ ድረስ መጣ። ግን ሰውዬው ወደ ልጁ፣ ወደ ልጅ ልጆቹ ሊሄድ፣ እኔ ማን ነኝና? ሚስት የለው፣ ቤቱ ጭር ብሏል፣ እኔ እሑድ እሑድ ብቅ የምል ሰው ነኝ። ራስ ወዳድነት መሰለኝ። «ጥሩ አድርገሃል» አልኩት። እሱም ፊቴን ማየቱን ተወና «አይደል?» አለ። ከዚያ ስለ ጀልባዋ ቀለም አወራን።

የመጨረሻው ጉዟችን በዚያው ኦገስት ሆነ። ጥቁሩ ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ገና መሙላቱ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመስኩም። ደጃፉ ላይ ታብሌት የያዘች ወጣት ቆማለች።

«ጠረጴዛ ይዛችኋል?» አለች።

ወደ ውስጥ አየሁ። ከሃያ የማያንስ ጠረጴዛ አለ፤ ሁለቱ ላይ ብቻ ሰው ተቀምጧል።

«ያው ባዶ ነው» አልኳት።

«በአፑ መያዝ አለባችሁ። ከያዛችሁ አንድ ሰዓት ተኩል መቀመጥ ትችላላችሁ።»

«ጠረጴዛው አፕ ውስጥ አይደለም ያለው። እዚህ፣ ፊቴ ላይ ነው።»

ፈገግ አለች። ጓደኛዬ መነጽሩን አወጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ አፑን ያወርድ ጀመር። ስሙን ጠየቀው፣ የተወለደበትን ቀን ጠየቀው፣ ካርዱን ጠየቀው፣ የይለፍ ቃሉ ደካማ ነው አለው። ላብ ወረደው። እኔ ደሜ ሲፈላ አየና «ግን እኮ ደስ ይላል» አለኝ። «አየህ፣ አበባ አስቀምጠዋል።»

ፈነዳሁ። እጁን ይዤ ወደ ጀልባው መቆሚያ ጎተትኩት።

«ምኑ ነው ደስ የሚለው? በራፍ ላይ አቁመውን! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየገባንበት ደስ ይላል! ሳውናው ደስ ይላል፣ አመዱ ደስ ይላል! ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

«ታዲያ ምን ልበል?» አለ፤ እሱም ድምፁ ከፍ አለ። «አንተ ስለምትወድ ነዋ!»

«ምን ስለምወድ?»

«መጠጥ ቤት!»

«እኔ?»

«ያ!» አለኝ፤ አዎ ማለት ከተወ ቆይቷል። «የመጀመሪያ ቀን እንግባ ያለው ማን ነው? ሮጠህ አይደል የገባኸው? ስትወጣስ ፊትህ እንዴት እንደ በራ!»

«ሽንቴን ሸንቼ ነዋ!»

ውሻ ይዘው የሚያልፉ ባልና ሚስት ዞረው አዩን። ጓደኛዬ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ሽንትህን?»

«ሽንቴን። አንተስ? ሰው መሐል መቀመጥ ትወድ የለ?»

«እኔ የምወደው ጀልባዋን ነው። እነዚህ ሰዎች ሾርባው ላይ የሚያፈስሱት ክሬም ሆዴን ይነፋኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ነፋኝ!»

«እኔም ቢራው ጨጓራዬን ያቃጥለኛል።»

ተያየን። ሳቅ እሱን ቀደመው፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። እኔ ስቄም ንዴቴ አልበርድ አለኝ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ በሆዱ ሌላው በጨጓራው እየታመመ፣ አንዱ ለሌላው ሲል! ይሉኝታ ይዞን አሥራ ሁለት ኦገስት በሰው ወንበር ላይ አለቀ። ስንት ባዶ ዓለት፣ ስንት ፀጥ ያለ ጥግ በጀልባ እያለፍን።

ጀልባዋን አስነሥተን እዚያው ማዶ ካለ ጠፍጣፋ ዓለት ሥር አሰርናት። ዳቦ፣ ቲማቲም፣ አንድ ቆርቆሮ ሽምብራ ነበረኝ። እሱ ከሕይወት ጃኬቱ ኪስ ቆሎ በፌስታል አወጣ። ለካ በየዓመቱ ከመጠጥ ቤቱ ስንወጣ፣ እኔ ሞተሩን ሳስነሣ፣ ፊቱን አዙሮ ይቆረጥማት ኖሯል። ፀሐይ ሞቅ ያደርጋል፣ ዓለቱም ይሞቃል። እንደዚያ ጥሩ ምሳ በልቼ አላውቅም። የበላሁት ግን ግማሹን ብቻ ነው፤ አንድ ሐሳብ መጣብኝና ዳቦውን አስቀመጥኩ። ያኛው «ደስ ይላል» ውሸት ከነበረ፣ የእኔ «ጥሩ አድርገሃል»ስ?

«አትሂድ» አልኩት።

ቆሎውን ማኘክ አቆመ። ውኃውን እንጂ እኔን አላየኝም።

«ማክሰኞ ፈረምኩ» አለ።

«ምኑን?»

«የቤቱን። ገዢዎቹ በመስከረም ይገባሉ።»

የቲማቲሙን ቢላዋ በዳቦው መጠቅለያ ጠረግኩ፤ ደግሞ ጠረግኩ።

«ትቬይታ ስነግርህ ለምን አላልከኝም?»

«ልጅህ ጋ ልሂድ እያልክ… ምን ብዬ?»

«አትሂድ ብለህ» አለኝ፤ ተቆጥቷል። «እሱን ልሰማ እኮ ነው ጠርቼ ያስቀመጥኩህ። ሌላው ሰው ሁሉ በስልክ ነው የሰማው።»

በመስከረም ሻንጣውን እኔው ራሴ አድርሼ ሸኘሁት። የሕይወት ጃኬቱን ጀልባዋ ውስጥ ተወልኝ።

በዚህ ዓመት በፍልሰታ ብቻዬን ወረድኩ። የትም አልቆምኩም፤ ለሽንቴም ባልዲው በቃኝ፣ የሚያየኝ የለ። ጥቁሩ ቤት ደግሞ ቢጫ ተቀብቷል። ከዚያው ዓለት ላይ ሆኜ ደወልኩለት። መጀመሪያ ያነሣችው ልጁ ናት። እርስዎ የሚባል ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ «ጋሼ፣ ደህና ነህ? ፓፓ እኮ እዚህ በጣም ተመችቶታል። ሁሌ ደስ ይላል ነው የሚለው» አለችኝና ስልኩን ሰጠችው።

«እንዴት ነው ትሮምሶ?» አልኩት።

«ደስ ይላል» አለ።

ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል፣ ውኃ ይንቆረቆራል፣ ሳህን ይጋጫል።

«አሥራ ሁለት ዓመት የሰማኋትን ናት የምትለኝ» አልኩት።

ሳቀ፤ ግን እንደዚያ ቀን አልነበረም። ከዚያ በር ሲዘጋ ተሰማኝ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ታዲያ ልጄን ምን ልበላት?» አለኝ።